ላለመጫወት የተከፈላት ኮከብ፦ የሴት ቅርጫት ኳስ ተጫዋች ዋጋ በማን ይተመናል?

ጁላይ 19 ቀን 2025 ኢንዲያናፖሊስ ውስጥ የአሜሪካ የሴቶች ቅርጫት ኳስ ሊግ (ደብሊውኤንቢኤ) የኮከቦች ጨዋታ ነበር። ተጫዋቾቹ ሰውነታቸውን ለማሟሟቅ ሲወጡ አንድ ዓይነት ካናቴራ ለብሰው ነበር። ደረቱ ላይ «ያለባችሁን ክፈሉን» የሚል ጽሑፍ አለበት። ጨዋታው አልቆ የሊጉ ኮሚሽነር ካቲ ኢንግልበርት ለናፊሳ ኮሊየር የዕለቱን የኮከብነት ሽልማት ሲያስረክቡ፣ ተመልካቹ «ክፈሏቸው!» እያለ ይጮህ ነበር።

ወሬው በአንድ ቀን ዓለምን አዳረሰ። አብሮት የተዳረሰ አንድ ስህተት ግን አለ። «ሴቶቹ ልክ እንደ ወንዶቹ ኮከብ ሌብሮን ጄምስ ይከፈለን እያሉ ነው» ተባለ። አላሉም። ሌላው ደግሞ «ኪሳራ ላይ ያለ ሊግ ከየት አምጥቶ ይከፍላል?» አለ። ይሄኛው ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱ ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር አያልቅም።

ነገሩን ለመረዳት የአንዲት ተጫዋችን የሥራ ዘመን መከተል ከብዙ ሠንጠረዥ ይሻላል። ተጫዋቿ ዳያና ታውራሲ ናት። 20 የውድድር ዘመን ለአንድ ክለብ፣ ለፊኒክስ መርኩሪ ተጫውታ ፌብሩዋሪ 2025 ላይ ጫማዋን ሰቀለች። በሊጉ ታሪክ እንደሷ ነጥብ ያስቆጠረ የለም፤ 10,646 ነጥብ። ሆኖም የዚህች ሴት ትልቁ ገቢ ለብዙ ዓመታት የመጣው ከአሜሪካ አልነበረም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመኖች ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ስሟ የገነነው ቀድሞ ነው

ታውራሲ የተወለደችው በ1982 ካሊፎርኒያ ውስጥ ነው። ያደገችው ቺኖ በምትባል ከተማ ነው። እናቷ አርጀንቲናዊት ናቸው። አባቷ ጣሊያን ውስጥ በረኛ ሆነው በሙያቸው እግር ኳስ የተጫወቱ ሰው ናቸው። ኮኔቲከት ዩኒቨርሲቲ ገብታ ከ2002 እስከ 2004 ሦስት የአገር አቀፍ የኮሌጅ ዋንጫ በተከታታይ አነሳች።

በ2004 በድራፍት አንደኛ ሆና ተመረጠች። ድራፍት ማለት ክለቦች ከኮሌጅ የሚወጡ ተጫዋቾችን ተራ በተራ የሚመርጡበት ሥርዓት ነው። ደካማ ክለብ ቀድሞ የመምረጥ ዕድል ያገኛል። ተጫዋቿ ክለቧን አትመርጥም። የመጀመሪያ ዓመታት ደመወዟም በሠንጠረዥ ተቆርጦ ይጠብቃታል። ይህች የመጨረሻ ነጥብ እንዳትረሳ። ከሃያ ዓመት በኋላ በ2024፣ በሴቶች የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ማንም ያላየውን ያህል ተመልካች ያመጣችው ኬትሊን ክላርክ አንደኛ ሆና ስትመረጥ የመጀመሪያ ዓመት ደመወዟ 76,535 ዶላር ነበር። በዚያው ዓመት እሷ የተጫወተችበትን የሴቶች የኮሌጅ ፍጻሜ በአማካይ 18.7 ሚሊዮን ሰው አይቶታል። የወንዶቹን ፍጻሜ ከተመለከተው ይበልጣል። ደመወዙ ግን ተመልካች አይቆጥርም። ሠንጠረዡ ያለውን ነው የሚከፍለው።

ዓመቱን ለሁለት አገር ማካፈል

ደብሊውኤንቢኤ የተመሠረተው በ1996 ነው። ውድድር የጀመረው በቀጣዩ ዓመት ነው። የወለደው የወንዶቹ ሊግ፣ ኤንቢኤ ነው። ወንዶቹ ሲያርፉ አዳራሾቹ ባዶ ይሆናሉ፤ ስለዚህ የሴቶቹ ውድድር ከሜይ ጀምሮ ባሉት የሙቀት ወራት እንዲሆን ተደረገ። የአውሮፓ ሊጎች ደግሞ የሚጫወቱት ከኦክቶበር እስከ ኤፕሪል ነው። ሁለቱ ብዙም አይጋጩም ነበር። አንዲት ተጫዋች አንዱን ጨርሳ ወደ ሌላው ትበራለች። ዓመቱን ሙሉ ትጫወታለች ማለት ነው።

ታውራሲ ያደረገችውም ይህንኑ ነው። ከ2006 ጀምሮ ለስፓርታክ ሞስኮ ተጫወተች። የክለቡ ባለቤት ሻብታይ ካልማኖቪች የሚባል ባለሀብት ነበር። እስራኤል ውስጥ ለሶቪየት ኅብረት በመሰለል ተፈርዶበት የታሰረ፣ በኋላም ሞስኮ ላይ የከበረ ሰው ነው። ለአሜሪካውያኑ ተጫዋቾች ትልቅ ቪላ ሰጣቸው። አገራቸው ላይ በማያዩት ምቾት አጓጓዛቸው። ለጨዋታው መግቢያ ግን ከተመልካች ገንዘብ አያስከፍልም ነበር። ስፓርታክ በእነ ታውራሲ ከ2007 እስከ 2010 አራት የዩሮሊግ፣ ማለትም የአውሮፓ ክለቦች ውድድር፣ ዋንጫ አከታትሎ ወሰደ።

ኖቬምበር 2 ቀን 2009 ካልማኖቪች ሞስኮ መሀል መኪናው ውስጥ እንዳለ በጥይት ተገደለ። የክለቡ ምሶሶ አንድ ሰው ነበር። ምሶሶው ወደቀ።

ታውራሲ በ2010 ወደ ቱርኩ ፌነርባቼ ሄደች። እዚያ የባሰ ነገር ጠበቃት። በዓመቱ መጨረሻ «አበረታች ቅመም ተገኝቶባታል» ተባለ። ክለቡ ውሏን አፈረሰ። ስሟ በየዜናው ጠፋ። በቀጣዩ ፌብሩዋሪ አንካራ ያለው ላቦራቶሪ የራሱን ውጤት ሻረ፤ ነጻ ሆነች። አንድ የምርመራ ወረቀት የሙያ ዘመኗን ሊቀጨው ነበር። የውጭ አገር ደመወዝ ሲሰላ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ይሄ ነው። ገንዘቡ ትልቅ ነው፤ ከጀርባ ያለው ዋስትና ግን ስስ ነው።

ሳትጫወት የከረመችበት ዓመት

ከዚያ በኋላ ወደ ሩሲያ ተመለሰች። በዚህ ጊዜ ክለቡ ዩኤምኤምሲ የካተሪንበርግ ነው። ስሙን የወሰደው ከባለቤቱ፣ በኡራል ተራሮች አካባቢ መዳብና ሌሎች ማዕድናት ከሚያመርት ግዙፍ ኩባንያ ነው።

በ2015 መጀመሪያ ላይ ታውራሲ ለፊኒክስ ደጋፊዎች ደብዳቤ ጻፈች። በዚያ ዓመት አሜሪካ ውስጥ እንደማትጫወት አስታወቀች። ምክንያቱ ጉዳት አልነበረም። የየካተሪንበርግ ክለብ ዓመቱን ሙሉ መጫወት ሰውነቷን እየጨረሰው መሆኑን አይቶ እንድታርፍ ከፈላት። እንደተዘገበው የሩሲያ ደመወዟ በዓመት 1.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። በፊኒክስ የምታገኘው ከ107 ሺህ ዶላር በታች ነው። የሩሲያው ክለብ ያንን ኪሳራ ሸፍኖ ልትቀር የምትችልበትን ሁኔታ አመቻቸ። እሷም ዕድሉን ብትገፋው ኃላፊነት የጎደለው ነገር እንደሚሆን በደብዳቤዋ ጻፈች።

ልብ በሉ። መርኩሪ ገና ባለፈው ዓመት፣ በ2014፣ ከእሷ ጋር ሻምፒዮን ሆኗል። የፍጻሜው ኮከብ እሷ ነበረች። የአንድ ሊግ ትልቋ ተጫዋች፣ ዋንጫ ባነሳች ማግስት፣ ሌላ አገር ያለ ክለብ ገንዘብ ከፍሎ ቤቷ አስቀመጣት። ሊጉ ይህንን ለመከልከል አቅሙ አልነበረውም፤ ሊከፍላት የሚችለው ከፍተኛ ደመወዝ በሕግ የተገደበ ነበር። ክለቡ ይጨመርላት ቢል እንኳ አይችልም።

ታዲያ ዋጋዋ 1.5 ሚሊዮን ነበር?

ለተጫዋቾቹ የሚከራከሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚያነሱት ማስረጃ ይህ ነው። «ሩሲያ ይህን ያህል ከከፈለች ገበያው ዋጋዋን ተናግሯል» ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። የእነሱን ጥያቄ ስለምቃወም አይደለም፤ ማስረጃው ደካማ ስለሆነ ነው።

የካልማኖቪች አዳራሽ መግቢያ በነጻ ነበር። ገቢ የማይሰበስብ ክለብ የሚከፍለው ደመወዝ የገበያ ዋጋ ሊባል አይችልም። የባለቤቱ ፍላጎት ዋጋ ነው። የማዕድን ኩባንያውም ቢሆን ከትኬት የሚያገኘውን አስልቶ አልነበረም የሚከፍለው። ለከተማው ሠራተኛ መዝናኛ፣ ለኩባንያው ስም፣ ለአለቆቹ ክብር ነበር። እንዲህ ያለ ገንዘብ ሲመጣ በሽበሽ ነው፤ ሲሄድም ሳይሰናበት ነው።

ግን በሌላው በኩል ያለው ሒሳብም «የገበያ ዋጋ» አይደለም። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ጋ ነው። የ107 ሺህ ዶላሩም ደመወዝ በገዢና በሻጭ ክርክር የወጣ አይደለም። የደመወዝ ጣሪያ የቆረጠው ነው። ሞስኮ ላይ ዋጋዋን አንድ ባለሀብት ተመነው። ፊኒክስ ላይ ደግሞ ውል ተመነው። ስለዚህ ወደ ውሉ መሄድ አለብን።

ሦስት በመቶ

የሊጉና የተጫዋቾች ማኅበር ግንኙነት የሚመራው በኅብረት ስምምነት ነው። ማለትም እያንዳንዷ ተጫዋች ለየብቻ ከመደራደሯ በፊት ማኅበሩ ለሁሉም የሚፈርመው ውል ነው። የደመወዝ ጣሪያውን፣ ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን ክፍያ፣ የበረራና የማረፊያ ደረጃን ሳይቀር ይወስናል።

በ2020 የተፈረመው ስምምነት በጊዜው ትልቅ እመርታ ነበር። ከፍተኛው ደመወዝ 215 ሺህ ዶላር ደረሰ። የወሊድ ፈቃድ ሙሉ ደመወዝ ያለው ሆነ። ችግሩ ያለው ከዚያ ቀጥሎ ባለው ስሌት ነው። ደመወዙ በየዓመቱ የሚያድገው በ3 በመቶ ብቻ ነበር። ሊጉ ቢያተርፍም ቢከስርም ያው 3 በመቶ ነበር። 215 ሺህን በአምስት ዓመት እያሳደጋችሁ ብትሄዱ የምታገኙት 249,244 ዶላር ነው። የ2025 ከፍተኛ ደመወዝም ልክ ይኸው ነበር። ዝቅተኛው 66,079 ዶላር ነበር። አንድ ክለብ ለሁሉም ተጫዋቾቹ በድምሩ መክፈል ይችል የነበረው ደግሞ 1,507,100 ዶላር። በሌላ አነጋገር፣ በ2025 የአንድ ክለብ ሙሉ ደመወዝ ከአሥር ዓመት በፊት ታውራሲ ብቻዋን ከየካተሪንበርግ ታገኝ ነበር ከተባለው ጋር እኩል ነው።

የገቢ ድርሻ የሚባል ነገር በውሉ ውስጥ አልነበረም ማለት አይደለም። ነበር። የሊጉ ድምር ገቢ ከተቀመጠለት ግብ ካለፈ፣ ከግቡ በላይ ያለውን ተጫዋቾቹ ይጋራሉ ይላል። ነገር ግን ውሉ በተፈረመ በወራት ውስጥ ኮቪድ መጣ። የ2020 ውድድር ፍሎሪዳ ውስጥ፣ ተመልካች በሌለበት ተካሄደ። ግቡ ድምር ስለሆነ የዚያ ዓመት ጉድለት በቀጣዮቹም ላይ እየተንከባለለ መጣ። ድርሻው ወረቀት ላይ ቀረ።

አሁን ካናቴራው ላይ ወደተጻፈው እንመለስ። በወንዶቹ ሊግ ተጫዋቾች ከቅርጫት ኳስ ገቢ ግማሽ ያህሉን ይወስዳሉ። ገቢው ሲያድግ ደመወዝም አብሮ ያድጋል። የሴቶቹ ድርሻ በ2020ው ውል፣ በተለያዩ ስሌቶች፣ ከ10 በመቶ በታች ነበር ይባላል። ጥያቄያቸው «የእነሱን ያህል ዶላር ስጡን» አይደለም። «የእኛ ገቢ ትንሽም ቢሆን ከእሱ የሚደርሰንን ከገቢው ጋር እሰሩት» ነው። የወንዶቹ ሊግ 82 ጨዋታ፣ የሴቶቹ 44 ጨዋታ ነው ብሎ መከራከር ለዚህ መልስ አይሆንም። የጨዋታው ቁጥር የገቢውን መጠን ያሳንሳል እንጂ የድርሻውን መቶኛ አይነካም።

የባለቤቶቹ ክርክርም ክብደት አለው

የሊጉን ወገን በጥሞና መስማት ያስፈልጋል። የኤንቢኤ ኮሚሽነር አዳም ሲልቨር በ2018 የሴቶቹ ሊግ ከተመሠረተ ጀምሮ በአማካይ በየዓመቱ ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንደከሰረ ተናግረዋል። ያንን ጉድለት የሸፈነው የወንዶቹ ሊግ ነው። ይህ ባይሆን ኖሮ ታውራሲ የምትመለስበት ሊግ ላይኖር ይችል ነበር። ሊጉ ወጣት ነው የሚለውም እውነት ነው። የወንዶቹ ሊግ ራሱ ከተመሠረተ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1980 የፍጻሜው ወሳኝ ጨዋታ በብዙ የአሜሪካ ከተሞች በቀጥታ አልታየም። ተቀድቶ ሌሊት ነው የተላለፈው።

በ2022 ሊጉ ከውጭ ባለሀብቶች 75 ሚሊዮን ዶላር ሰብስቧል። በምትኩ 16 በመቶ ድርሻ ሰጣቸው። የቀረው እኩል ተካፍሎ 42 በመቶ የኤንቢኤ፣ 42 በመቶ የሴቶቹ ክለብ ባለቤቶች ሆነ። እንግዲህ ከሚመጣው ገቢ ላይ እጁን የዘረጋው ብዙ ነው።

ይህን ሁሉ ይዤም የኪሳራው ክርክር ሙሉ ሆኖ አይታየኝም። ምክንያቱም እነዚያው ባለቤቶች አዲስ የሚገቡ ክለቦችን የሚያስከፍሉት ዋጋ ሌላ ነገር ይናገራል። በ2023 የጎልደን ስቴት ክለብ ወደ ሊጉ ለመግባት የከፈለው 50 ሚሊዮን ዶላር ነው። በ2025 ክሊቭላንድ፣ ዲትሮይትና ፊላደልፊያ ሲፈቀድላቸው እያንዳንዳቸው 250 ሚሊዮን ዶላር እንደሚከፍሉ ተዘገበ። በሁለት ዓመት አምስት እጥፍ ማለት ነው። ገንዘቡን የሚያወጡት ሰዎች ሒሳብ የሚያውቁ ናቸው። ወደፊት አይተው ነው የገዙት።

የቴሌቪዥኑ ውል ደግሞ የራሱ ብዥታ አለው። በ2024 የተፈረመው የ11 ዓመት ውል ለሴቶቹ 2.2 ቢሊዮን ዶላር ያመጣል። በዓመት 200 ሚሊዮን። ነገር ግን የተደራደረው ኤንቢኤ ነው፤ ከራሱ ግዙፍ ውል ጋር አንድ ላይ ጠቅልሎ። ከጥቅሉ ውስጥ የሴቶቹ ዋጋ ስንት እንደሆነ በገበያ ለብቻው አልተፈተነም። እዚህም ዋጋውን የተመነው ሌላ ሰው ነው።

ትንሽ የምትመስል አንድ ጉዳይ ልጨምር። የኒውዮርክ ሊበርቲ ባለቤቶች በ2021 ተጫዋቾቻቸውን በቻርተር በረራ፣ ማለትም ለቡድኑ ብቻ በተከራየ አውሮፕላን አመላለሱ። በውሉ የተከለከለ ነበርና ሊጉ 500 ሺህ ዶላር ቀጣቸው። ምክንያቱ «ሌሎች ክለቦች ላይ ብልጫ ያመጣል» የሚል ነው። 2 ሜትር ከ6 ሴንቲ ሜትር የምትረዝም ብሪትኒ ግራይነር ተራ መንገደኛ መቀመጫ ላይ ተጣጥፋ፣ በማግስቱ እንድትዘል የሚጠበቅባት ዘመን ነበር ያ። ገንዘብ ላውጣ የሚል ባለቤት ጠፍቶ አይደለም። ላውጣ ያለው ተቀጣ። በ2024 ሊጉ ራሱ ለሁሉም ክለቦች ቻርተር በረራ ጀመረ።

የሩሲያው በር ሲዘጋ

ግራይነርን ካነሳን አይቀር፣ ብዙዎች ያኔ የጠየቁትን እንመልስ። ፌብሩዋሪ 17 ቀን 2022፣ ዩክሬን ላይ ጦርነቱ ሊጀመር አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ አንዲት የአሜሪካ ኦሊምፒክ ሻምፒዮን ሞስኮ አየር ማረፊያ ምን ትሠራ ነበር? ወደ ሥራዋ እየተመለሰች ነበር። ወደዚያው የካተሪንበርግ ክለብ። በሻንጣዋ የካናቢስ ዘይት ያለበት የማጨሻ ካርትሪጅ ተገኝቶ ታሰረች። በኦገስት ዘጠኝ ዓመት ተፈረደባት። ዲሴምበር 8 ቀን በጦር መሣሪያ ነጋዴው ቪክቶር ቡት ተለውጣ ተፈታች። ፊኒክስ ላይ የታውራሲ የቡድን ጓደኛ ነበረች። የ2014ን ዋንጫ አብረው ነው ያነሱት። የሄደችበትም መንገድ ታውራሲ የሄደችበት ነው።

ከዚያ ወዲህ የሩሲያ ገንዘብ ለአሜሪካውያኑ ኮከቦች ተዘጋ ማለት ይቻላል። ሊጉም በ2020 ውል ባስገባው ደንብ፣ ከ2023 ጀምሮ ከውጭ ዘግይታ የምትመጣ ነባር ተጫዋች ትቀጣለች ወይም ዓመቱን ትታገዳለች አለ። የ2015ቱ ዓይነት ነገር እንዳይደገም ነው። ከሊጉ አንጻር ምክንያታዊ ነው። ግን አንድ ነገር ይዞ ይመጣል። ሌላውን ገቢ ካስቀረህ የራስህን ማሳደግ ግድ ይላል።

ክፍተቱን ለመሙላት የሞከሩት ራሳቸው ተጫዋቾቹ ናቸው። ናፊሳ ኮሊየርና ብሪያና ስቱዋርት «አንራይቫልድ» የሚባል የሦስት ለሦስት ሊግ መሠረቱ። ጃንዋሪ 2025 ማያሚ አካባቢ ተጀመረ። ተጫዋቾቹ በሊጉ ውስጥ የባለቤትነት ድርሻ አላቸው። አማካይ ደመወዙም ከ200 ሺህ ዶላር በላይ እንደሆነ ተገልጿል፤ ለጥቂት ሳምንታት ሥራ። ኦክቶበር 2024 የተጫዋቾች ማኅበሩ ከ2020ው ስምምነት ቀድሞ እንደሚወጣ ሲያሳውቅ የመደራደር አቅሙ ከበፊቱ የተለየ የሆነው በዚህም ጭምር ነው።

ከዚህ በኋላ የሚታየው

የከዋክብቱ ደመወዝ መጨመሩ አይቀርም። ጥያቄው ጭማሪው እስከ ማን ይወርዳል የሚለው ነው። አንድ ክለብ 12 ተጫዋች ይይዛል። ጣሪያው በጥቂቱ ቢነሳ ሁለቱ ኮከቦች ይወስዱትና የተቀሩት ዝቅተኛው ላይ ይቀራሉ። ለእነሱ ቱርክና ቻይና መሄድ ይቀጥላል። የክለቦቹ ቁጥር እየጨመረ መሄዱ ለብዙዎች ቦታ ይከፍታል፤ ገንዘቡን ግን ያከፋፍለዋል። የአውሮፓ ክለቦች በበኩላቸው የአሜሪካ ኮከቦችን ሲያጡ ለወጣቶቻቸው ቦታ ሊያገኙ ይችላሉ። ተመልካች ግን ያጣሉ።

ሰውነትም አለ። ታውራሲ በ2017 የውጭውን ሥራ አቆመች። ከዚያ በኋላ የጀርባ ቀዶ ሕክምና አድርጋ በ2019 ስድስት ጨዋታ ብቻ ነው የተሰለፈችው። ሆኖም ኦገስት 2023፣ በ41 ዓመቷ፣ በአትላንታ ቡድን ላይ 42 ነጥብ አስቆጥራ በሊጉ 10 ሺህ ነጥብ ያለፈች የመጀመሪያዋ ሆነች። በ2024 ፓሪስ ላይ ስድስተኛ የኦሊምፒክ ወርቋን ወሰደች፤ ከወንድም ከሴትም ይህን ያደረገ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች የለም። ዓመቱን ሙሉ መጫወት ባይኖርባት ኖሮ ስንት ነጥብ ታስቆጥር እንደነበር ማስላት አይቻልም። አሁን የሚመጡት ወጣቶች ግን ወቅቱ ሲያልቅ ማረፍ የሚችሉ ከሆነ ልዩነቱ በጉልበታቸውና በጀርባቸው ይታያል።

የትኛውንም አዲስ የኅብረት ስምምነት ስታነቡ ዜናው የሚያስቀድመው ከፍተኛውን ደመወዝ ነው። «ሚሊዮነር ሆኑ» ይባላል። እሱን እለፉትና ሁለት መስመር ፈልጉ። አንዱ ዓመታዊው ጭማሪ ነው፤ ቋሚ መቶኛ ነው ወይስ ከገቢው ጋር የታሰረ? ሁለተኛው ዝቅተኛው ደመወዝ ነው፤ አሥራ ሁለተኛዋ ተጫዋች ስንት ታገኛለች?